አመድ የጠጡት የሎሚ ችግኞች፦ ከሳቢያን የአንድ ደጃፍ ጉዳይ

ጎረቤቴ ችግኝ ሸጣ የምታድር ሴት ናት። ቤቷ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ከእኛ በር ሦስተኛው። ከአጥሯ ውጭ በኒም ጥላ ሥር ጥቁር ፕላስቲክ ፖቶች ተደርድረዋል። ሎሚ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ቡገንቪሊያ፣ ኒም፣ የድሬዳዋ ዛፍ። ከሁሉም ገንዘብ የሚያመጣላት ሎሚው ነው። ግቢ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ሎሚ መትከል ይፈልጋል።

በዕድሜ እናቴ ትሆናለች። ድሬ ላይ ግን አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። እትዬ እላታለሁ፣ ግን አንቺ ብዬ ነው የማወራት። ጥር ላይ አንድ ቀን ጠዋት ጠራችኝ።

«አቦ ና እስቲ፣ ይሄን እይልኝ። ልጆቼ ሊያልቁ ነው። የአሲድ ዝናብ ነው አይደል?»

ልጆቼ የምትላቸው ችግኞቹን ነው። ዕፅዋት ሳይንስ መማሬን ታውቃለች፤ ስለዚህ መልሱን ከእኔ ትጠብቃለች። ሎሚዎቹን ሳይ እውነትም ያስደነግጣሉ። ወደ 60 ከሚሆኑት አብዛኞቹ ቢጫ ሆነዋል። አንዳንዶቹ ጫፋቸው ላይ ነጭ ሊመስሉ ምንም አልቀራቸውም። ዕድገታቸው ቆሟል። በእያንዳንዱ ፖት ላይ ደግሞ ግራጫ አመድ ተነስንሷል።

«አመዱ ምንድን ነው እትዬ?»

«አሲዱን እንዲያጠፋ ነዋ!»

እንዲህ ያለችበትን ምክንያት ቁጭ ብዬ አዳመጥኳት። ሳዳምጣት ሐሳቧ መሠረት የሌለው እንዳልሆነ ገባኝ። እያንዳንዱ ቁራጭ እውነት ነው። የተሳሳተው አገጣጠሙ ነው።

የመጀመሪያው ቁራጭ እሳተ ገሞራው ነው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ አፍዴራ አካባቢ ያለውን መንደር አለበሰ። ጢሱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ሕንድ ደረሰ፤ በረራ እስኪሰረዝ ድረስ። በዚያ ሰሞን ስልክ ላይ የሚዞረው ወሬ ሁሉ ስለ ሰልፈር ጋዝና ስለ አሲድ ዝናብ ነበር። እሷም ይህን ሰማች። አፋር ደግሞ ለድሬ ሩቅ አይደለም።

ሁለተኛው ቁራጭ ሬዲዮ ነው። የደጋው አፈር አሲድ እየሆነ አርሶ አደሩን እንዳስቸገረ፣ መድኃኒቱም ኖራ እንደሆነ ደጋግማ ሰምታለች። ይሄም እውነት ነው። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት 43 በመቶ ያህሉ የአሲድነት ችግር አለበት ተብሎ ይገመታል። በጎጃም፣ በወለጋ፣ በሲዳማ ብዙ አርሶ አደር ኖራ እየበተነ ነው። እንጨት አመድም እንደ ኖራ አሲድ ያጠፋል። ከዳቦ ቤት በነፃ ይገኛል። ኖራ ግን ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከኅዳር መጨረሻ ጀምራ በየሳምንቱ በየፖቱ አንድ እፍኝ አመድ ጨመረች። ችግኞቹ ቢጫነታቸው ባሰ። እሷ ደግሞ አመዱን ጨመረች።

እኔ ስደርስ ሁለት ወር ሊሞላት ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም መጀመሪያ ስቼ ነበር። ቢጫ ቅጠል ሳይ የናይትሮጅን እጥረት መሰለኝ፤ ዩሪያ በጥቂቱ በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው ልላት ነበር። ከአፌ ሳይወጣ አንዱን ፖት አንስቼ ወደ ብርሃን አዞርኩት። የታችኞቹ ያረጁ ቅጠሎች አረንጓዴ ናቸው። ቢጫ የሆኑት የላይኞቹ፣ አዲሶቹ ናቸው። እነሱም ሙሉ በሙሉ ቢጫ አይደሉም። የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ እንደሆኑ ቀርተዋል፤ ቢጫው በጅማቶቹ መሃል ነው። አረንጓዴ መረብ ቢጫ ጨርቅ ላይ የተጣለ ይመስላል።

ይህ መረብ ብዙ ይናገራል። ናይትሮጅን ያነሰው ተክል ካረጀው ቅጠል ናይትሮጅን ነቅሎ ለአዲሱ ይልካል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚገረጣው ታችኛው ነው። ብረት ግን እንደዚያ አይጓዝም። አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገባ እዚያው ይቀራል። ብረት ሲያንስ የሚጎዳው አዲስ የሚወጣው ቅጠል ነው፣ ከጅማቶቹ መሃል ጀምሮ። ሎሚና ብርቱካን ለዚህ ችግር ከሚጋለጡት ዋነኞቹ ናቸው።

የአሲድ ዝናብስ ቢሆን ምን እናይ ነበር? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው ስሙን ይሰማል እንጂ በችግኝ ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው የለም።

ማንኛውም ዝናብ በተፈጥሮው ትንሽ አሲድ አለው። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሟሟበት ፒኤች የሚባለው የአሲድነት መለኪያ ወደ 5.6 ይወርዳል። 7 ገለልተኛ ነው፤ ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ አልካላይን። ቁጥሩ በ1 ሲወርድ አሲድነቱ 10 እጥፍ ይጨምራል። የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል፣ ፋብሪካና መኪና ሲያጨሱ፣ አንዳንዴም እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰልፈር ዳይኦክሳይድና የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይወጣሉ። እነዚህ ከአየሩ እርጥበት ጋር ተዋህደው ሰልፈሪክና ናይትሪክ አሲድ ይሆናሉ። ያኔ ዝናቡ ወደ 4 አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል።

ትልቅ ዛፍ ይህን ለዓመታት ይችለው ይሆናል። ችግኝ ግን አይችልም። የችግኝ ቅጠል ላዩ ላይ ያለው ሰም ስስ ነው፤ ከተከፈተ ገና ቀናት ነው ያለው። ጠንካራ አሲድ ሰሙን ይበላና ጠብታው ያረፈበት ቦታ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይተዋል። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም እየታጠበ ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ግን የማይታየው ነው። አፈሩ አሲድ ሲሆን በሸክላው ውስጥ ታስሮ የነበረ አሉሚኒየም ይፈታል። አሉሚኒየም የሥር ጫፍ ላይ መርዝ ነው። ሥሩ ያጥራል፣ ይወፍራል፣ ይደነዝዛል። አጭር ሥር ያለው ችግኝ ደግሞ የመጀመሪያውን ድርቅ አያልፍም።

አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሃባርድ ብሩክ የሚባል የምርምር ደን አለ። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ የዝናቡን ውሃ እየለኩ ነው፤ የሰሜን አሜሪካ የአሲድ ዝናብ ጉዳይ ጎልቶ የወጣው ከዚያ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ በአንዱ ተፋሰስ ላይ በሄሊኮፕተር የካልሲየም ማዕድን ዱቄት በተኑ። አሲዱ ባለፉት አሥርት ዓመታት ያጠበውን ካልሲየም ለመመለስ ነው። ከዓመታት በኋላ በዚያ ተፋሰስ የስኳር ሜፕል ችግኞች ካልተበተነበት ይልቅ በተሻለ ሁኔታ በሕይወት ተገኙ። በሥሮቻቸውም ላይ የሚረዳቸው ፈንገስ በዝቶ ነበር።

ይሄን ስነግራት እትዬ ጉልበቷን መታች። «እኔ ያደረግኩት ያንኑ አይደል እንዴ!»

አዎ፣ ያንኑ ነው። ልዩነቱ ያለው ከሥር ባለው ድንጋይ ላይ ነው። የኒው ሃምፕሸር አፈር ከጠንካራ ድንጋይ የወጣ፣ ካልሲየም የራበው አፈር ነው። ድሬ ግን በኖራ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠችው። የአገራችን የመጀመሪያው ሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ዘመን እዚህ የቆመው ያለ ምክንያት አይደለም። ከከተማው በስተደቡብ ያለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻም የኖራ ድንጋይ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ዋሻን የሚቦረቡረው ትንሽ አሲድ ያለበት የዝናብ ውሃ ነው፤ ድንጋዩን በረጅም ዘመን ቀስ እያለ ይበላዋል። በሌላ አነጋገር የድሬ መሬት አሲድ ሲደርስበት ራሱ ያጠፋዋል።

የደጋው አፈር ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። እሱን አሲድ ያደረገው በዋናነት የፋብሪካ ጭስ አይደለም። ብዙ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመት ካልሲየሙን አጥቦ ስለወሰደው ነው፤ ፍግና ገለባ ወደ ማሳ አለመመለሱም አባብሶታል። የሬዲዮው ምክር ለጎጃሙ ገበሬ ትክክል ነው። ለሳቢያን ግን መርዝ ነው።

ይህን ሁሉ በቃል ማስረዳት ይቻላል። ግን እትዬ ያየችውን እንጂ የሰማችውን የምታምን ሴት አይደለችም፤ እኔም ራሴ እርግጠኛ መሆን ፈለግኩ። ስለዚህ ከወጥ ቤቷ ዕቃ ይዘን ፈተሽን።

መጀመሪያ ማንቆርቆሪያዋን ከፈትኩ። ድሬ ውስጥ ውሃ የሚፈላበት ዕቃ ሁሉ እንደሚሆነው ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተለብጧል። አቼቶ ጠብ አደረግኩበት። ተንጨረጨረ፣ አረፋ ደፈቀ። ቅርፊቱ ኖራ ነው። ያንን ውሃ ነው ችግኞቹ ዝናብ በሌለበት ወራት በየቀኑ የሚጠጡት።

ቀጥሎ አፈሩ። ከፖቱ አንድ ማንኪያ አፈር ሳህን ላይ አደረግንና አቼቶ አፈሰስንበት። እሱም ተንጨረጨረ። አንድ ጥግ ላይ ካለፈው ዓመት ያልተሸጡ ሦስት ሎሚዎች ነበሩ፣ ደህና አረንጓዴ ናቸው። የእነሱ አፈር ላይ ስንሞክረው ግን በጣም ትንሽ ነው ያረፋው። እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠ።

«እትዬ፣ የዘንድሮው አፈር ከየት መጣ?»

ትንሽ አሰበች። ሐምሌ ላይ አንድ ሰው ቤት ሊሠራ መሠረት ሲያስቆፍር፣ የወጣውን አፈር በርካሽ በጋሪ አስመጥታ ነበር። ነጣ ያለ፣ ለመንፋት የሚቀል አፈር ነው። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ጨመረችበት። ፍጉ ዘንድሮ ስለተወደደ ቀነሰችው። በፊት የምትጠቀመው ጥቁር አፈርና ብዙ የፍየል ፍግ ነበር።

ከቤቴ ከርከዴ አመጣሁ። የከርከዴ ውሃ አሲድ ውስጥ ደማቅ ቀይ ነው፤ አልካላይን ውስጥ ወደ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ጥቂት ጠብታ በአቼቶ ላይ፣ ጥቂት በቧንቧ ውሃ ላይ፣ ጥቂት አመድ ተዘፍዝፎበት በጠለለ ውሃ ላይ አደረግን። የአቼቶው ቀይ ሆነ። የቧንቧው ደብዘዝ ያለ ወይን ጠጅ ሆነ። የአመዱ አረንጓዴ ሆነ። እትዬ ሦስቱን ብርጭቆ ደርድራ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። አንድ ቃል አልተናገረችም።

አስተማሪ ጓደኛዬ ጥቂት የፒኤች ወረቀት ሰጠኝ። አፈሩ 8 አካባቢ አሳየ። አመድ የለበሰው የላይኛው አፈር ከ9 በላይ።

ብረትን በተመለከተ ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። አፈሩ ውስጥ ብረት ሞልቷል። ችግሩ መሟሟቱ ላይ ነው። ፒኤች በ1 ከፍ ሲል በውሃ ሊሟሟ የሚችለው ብረት ወደ 1,000 እጥፍ ይቀንሳል። ብረቱ ዝገት ሆኖ አፈሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሥሩ አጠገቡ ሆኖ ይራባል። ከኖራው ጋር በውሃው ውስጥ ያለው ባይካርቦኔት ደግሞ ሥሩ ብረት እንዳይወስድ ጭምር ያግደዋል። አመዱ በዚህ ሁሉ ላይ ነው የተጨመረው።

ሁለት ነገር ደግሞ ጥርጣሬዬን አጠፋልኝ። አንደኛው ኒሙና የድሬዳዋ ዛፉ ነው። በተመሳሳይ አፈር፣ በተመሳሳይ ውሃ፣ አመድም ደርሷቸው አረንጓዴ ናቸው። ኒም እንዲህ ያለ አፈር ይችላል። አሲድ ከሰማይ ወርዶ ቢሆን ኖሮ ሎሚውን መርጦ አያቃጥልም ነበር። ሁለተኛው ስልኳ ውስጥ ነበር። ለደንበኛ ቴሌግራም ላይ የምትልከው ፎቶ ታነሳለች። ጥቅምት ላይ ያነሳችውን አንድ ፎቶ አጉልተን አየነው። የላይኞቹ ቅጠሎች ያኔም ቢጫ ጀምሯቸዋል። እሳተ ገሞራው ገና አልፈነዳም። ከፈነዳም በኋላ ጢሱ የሄደው ወደ ቀይ ባሕር ነው፤ በሰፈራችንም ኅዳርና ታኅሣሥ ጠብ ያለ ዝናብ አልነበረም።

እሷ ግን አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። «እሺ፣ አሲድ ቢሆን ምን ይመስል እንደነበር አሳየኝ።» ጥሩ ጥያቄ ነው። ስድስት የቦሎቄ ፍሬ በቅለው ሁለት ቅጠል እስኪያወጡ ጠበቅን። አንድ እጅ አቼቶ በአራት እጅ ውሃ ቀላቅዬ ሦስቱ ላይ ረጨሁ፤ ሦስቱ ላይ ውሃ ብቻ። በማግስቱ አቼቶ የተረጩት ላይ ጠብታዎቹ በቆሙበት ሁሉ ቡናማ ነጠብጣብ ወጣ። ጫፎቻቸው ተጠቀለሉ። በሦስተኛው ቀን አንዱ ወደቀ። አቼቶ ከዝናቡ አሲድ የተለየ አሲድ ነው፤ እኔ የረጨሁትም ከአብዛኛው የአሲድ ዝናብ በጣም የበረታ ነው። ግን የጉዳቱ መልክ ታየ። ነጠብጣብ እንጂ መረብ አይደለም። ያረጀም አዲስም ቅጠል እኩል ያገኘዋል።

«የኔዎቹ እንዲህ አይደሉም» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ እሳተ ገሞራው አላነሳችም።

ሕክምናው በአንድ ጊዜ አልሆነም። አመዱን በማንኪያ ከላይ ከላይ ገፈን አነሳን። 12 ሎሚዎችን ለሙከራ ለየን። አራቱን እንደነበሩ በቧንቧ ውሃ ቀጠልናቸው። አራቱን በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ እየጨመርን አጠጣናቸው። አራቱን ከነሥራቸው አውጥተን፣ የቻልነውን ነጭ አፈር አራግፈን፣ ግማሹ በደንብ የበሰበሰ የፍየል ፍግና ቅጠል በሆነ ጥቁር አፈር መልሰን ተከልናቸው፤ እነሱም የአቼቶ ውሃ ጠጡ።

እንደነበሩ የተተዉት ሁለቱ በየካቲት መጨረሻ ደረቁ። አቼቶ ብቻ ያገኙት በሦስት ሳምንት ውስጥ ትንሽ መለስ ብለው እዚያው ላይ ቆሙ። ይህ የሚጠበቅ ነው። አቼቶ ውሃው ውስጥ ያለውን ኖራ ለጊዜው ያበርደዋል፤ የአፈር ባክቴሪያ ግን አቼቶውን ይበላውና ባይካርቦኔቱ ተመልሶ ይመጣል። አፈር የተቀየረላቸው ግን ንቅለ ተከላው አጠውልጓቸው ሁለት ሳምንት ከቆዩ በኋላ አዲስ ቅጠል አወጡ። አረንጓዴ ቅጠል፣ ያለ መረብ።

የብረት ማዳበሪያም አፈላልገን ነበር። እዚህ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ተራው የብረት ሰልፌት ኖራ የበዛበት አፈር ላይ ሲደፋ ወዲያው ይዝግና ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ኢዲቲኤ የሚባለው ዓይነትም ፒኤች ከፍ ሲል ብረቱን ይለቀዋል። እንዲህ ላለ አፈር የሚሠራው ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ነው፤ እሱን አላገኘንም። ቀሪዎቹን ሎሚዎች ቀስ በቀስ አፈር እየቀየርን ጠበቅን። ከ60ው 19ኙ ሞቱ። ለእሷ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። አንድ ችግኝ እዚህ ለመድረስ ስንት ወር እንደጠጣ እኔ አይቻለሁ።

መጋቢት ላይ የበልጉ ዝናብ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ደመናው ከደንገጎ ተራራ በኩል ሲጠቁር፣ እትዬ ሎሚዎቹን ወደ በረንዳ ልታስገባ ጀመረች። ልማድ ሆኖባት ነው። ሮጬ ሄጄ «ተያቸው፣ ይጠጡ» አልኳት። የዝናብ ውሃ ውስጥ ኖራ የለም። ትንሿ አሲድነቱም ለእነሱ መድኃኒት ናት። የመጀመሪያው ዝናብ ከቆርቆሮው ላይ አቧራውን አጥቦ እስኪወርድ ጠብቀን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን በበርሜል ያዝን። ልጇ ሌላ በርሜል ተበድሮ መጣ።

የበርሜሉን ውሃ በከርከዴ ፈተሸችው፤ እኔ ሳልነግራት፣ ራሷ። ወደ ሮዝ አደላ። ብርጭቆውን ይዛ እስከ በራችን መጣች ልታሳየኝ።

አሁን አፈር ስትገዛ አቼቶ በትንሽ ጠርሙስ ይዛ ነው የምትሄደው። ጋሪው ላይ ጠብ ታደርግበታለች። ከተንጨረጨረ ለኒምና ለድሬዳዋ ዛፍ ብቻ ትወስዳለች፣ ያውም ዋጋ ካስቀነሰች። የዳቦ ቤቱ ልጅ አመድ ይዞ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጎጃም ላከው ትለዋለች።